ጋሼ የሚባለው ፋይል

ሃምሳ ስምንት ሜጋባይት ለከተማ ሰው ምኑም አይደለም፤ የቀዳው ሻይ ሳይበርድ ያወርደዋል። ለእህቱ ግን በሰባት ቀን ያልተገፋ ተራራ ሆኖባታል።

«እምቢ አለኝ እኮ፣ ማሙሽ» አለችው በስልክ። «ዘጠና ከመቶ ደረሰና ቀጥ! ከዚያ እንደገና ከዜሮ። እኔ ደግሞ አግዳሚ ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቅያለሁ። መንገደኛው ሁሉ ጤና ጣቢያው የልብስ መስቀያ አቆመ እያለ ነው።»

«እስቲ ደግመሽ ሞክሪው፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ ሌላ ክንድ ላክልኝ።»

ማሙሽ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል፤ ስሙም ማሙሽ አይደለም። በዚህ ቁልምጫ የሚጠራው ሰው ግን በምድር ላይ አንድ ብቻ ቀርቶታል፤ እሷም ይህች ከወንዝ ማዶ አዋላጅ ነርስ ሆና የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት።

በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአጎቱ ጋር ሩቅ አገር ሄደ። እዚያው ተማረ፣ እዚያው ሠራ፣ እናቱ ስትሞትም እዚያው ነበር። ከተመለሰ ሰባት ወሩ ነው፤ በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ፕሮግራመር ሆኖ ይሠራል። እንደመጣ እህቱ ዘንድ ሄዶ ሁለት ቀን ሰንብቶ ነበር፤ ሁለቱም እንደ እንግዳ ተቀምጠው «ብላ እንጂ»፣ «በቃኝ»፣ «ኧረ ጨምር» ሲባባሉ ሰነበቱና ወሬ አለቀባቸው። እህቱ ስትሸኘው ሻንጣውን ከእጁ ልትቀበል ሞከረች፣ እሱ አልሰጥም አለ፣ በዚያው ተለያዩ። ወደ ቢሮው ሲመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ያብሰለስል ነበር፤ መጣሁ ማለት እችላለሁ ወይስ ገና እየመጣሁ ነው?

ፋይሉ አልወርድ ካለ ወዲህ ግን በየቀኑ ይነጋገራሉ። ትሰድበዋለች፣ ያባብላታል፣ ይሳሳቃሉ። አንዳንዴ፣ ለራሱም ቢሆን ጮክ ብሎ ባይናገረውም፣ ፋይሉ ቶሎ ባይወርድ ደስ ይለው ነበር።

መውረዱ ግን የግድ ነበር። ፕሮግራሙ የእናቶች መዝገብ ነው። በአሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ይሠራል፤ የትኛዋ እናት መቼ ወለደች፣ ምን ገጠማት፣ የትኛው መድኃኒት አይስማማትም፣ ሁሉንም ከዚያ ያወጡታል። የእህቱ ኮምፒውተር በክረምቱ መግቢያ በመብረቅ ተቃጠለና ሌላ ተተካላት። መዝገቡ በትርፍ ዲስክ ላይ ተርፏል፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን የለም። በመኪና እንዳይልኩላት ወንዙ ሞልቶ የመድኃኒት መኪናው ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሷል። የስልክ ሞገድ የሚገኘው ደግሞ በግቢው የውሃ ታንከር ሥር፣ አግዳሚ ላይ ቆሞ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይመጣል፣ ይሄዳል። እስካሁን ከሦስት ሜጋባይት በላይ የሆነ ነገር እዚያ ደርሶ አያውቅም። ፋይሉን ሃያ ቦታ ቆራርጦ ሊልክላት ሞክሮ ነበር፤ አሥራ ሰባተኛው ቁራጭ ተበላሽቶ ገባና ሁሉም ሲገጣጠም አልከፈት አለ።

ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ማክሳት።

ቢሮው ቀድሞ የመድኃኒት መጋዘን ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ከግድግዳው ባሻገር ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም የክትባት ማቀዝቀዣ። በአንደኛው ጠረጴዛ እሱ ይቀመጣል፣ በሌላው ጋሼ። ጋሼ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው፤ ከኃላፊዋ እስከ ጥበቃው ድረስ ሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። ከጀርባቸው እስከ ጣራ የደረሱ የብረት መሳቢያዎች አሉ፤ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ካርዶች እዚያ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ ስሟን ስትናገር፣ ሳይቸኩሉ ተነሥተው ካርዷን ይዘው ይመለሱ ነበር። አሁን የሚጠይቃቸው እምብዛም የለም። ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው ሰቅለው፣ የልጁን ሥራ በዓይናቸው ይከታተላሉ።

«ዛሬስ ስንት ኪሎ ቀነሰ?» ይሉታል ጠዋት ጠዋት።

በመጀመሪያው ቀን፣ «አሥራ ሰባት» አላቸው።

«በአንድ ቀን! ምኑን ቆርጠህ?»

«ስሞቹን። ፕሮግራመር ሲጽፍ ለእያንዳንዱ ነገር ስም ያወጣል፤ ይሄ ፈላጊ፣ ይሄ ደማሪ፣ ይሄ አታሚ እያለ። ጽሑፉ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር ማሽኑ ቁጥር እንጂ ስም አያስፈልገውም። ስሞቹ ግን ፋይሉ ውስጥ ተሸጉጠው ይቀራሉ፤ ብልሽት ሲመጣ እኛ እንድናነባቸው። አራገፍኳቸው።»

«ስም ለማሽን ትርፍ ነው በለኛ።»

«ለማሽን፣ አዎ።»

«እንኳን ማሽን አልሆንኩ» አሉና ወደ ጋዜጣቸው ዞሩ። ያን ቀን ነው «መቀስ» የሚል ቅጽል ያወጡለት። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ሳይቀር «መቀስ፣ እንዴት ዋልክ?» ይለው ጀመር።

መቀስ ሥራውን ቀጠለ። የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ በአራት መጠን የያዙ ሥዕሎች ነበሩ፤ ሦስቱን ጣለ። ፕሮግራሙ በማሽን ቋንቋ ሲጻፍ ለፍጥነት ሳይሆን ለማነስ እንዲጻፍ አዘዘ። ሌሎች ፕሮግራመሮች ካዘጋጁት ክምችት ተጎትተው የገቡ፣ ማንም የማይጠራቸው ትእዛዞችን የሚለቅም መሣሪያ ነበረው፤ ያን አሰማርቶ እንደ አረም አስነቀላቸው። ሠላሳ ሦስት ደረሰ፤ እዚያም ተገተረ።

ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ሰባቱን የያዘው አንድ ጥቅል ብቻ ነው። የቋንቋ ጥቅል። የዓለምን ፊደል ሁሉ የሚያውቅ፣ በየቋንቋው ስም በቅደም ተከተል የሚደረድር፣ የማንን ቀን እንዴት እንደሚጽፉ የሚናገር ትልቅ ዕቃ።

«ይሄ ፕሮግራም በቻይና ፊደል ሊመዘግብ ነው እንዴ?» አለ ለራሱ።

ጥቅሉን ሲበረብር፣ በማስተካከያዎቹ መሐል አንዲት ሚጢጢ ፋይል አገኘ። ስሟ «ጋሼ» ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው ፕሮግራመር ያስቀመጣት ነች። መሣሪያውን ማን እንደሚጠራት ጠየቀው፤ «ማንም» አለው። ፈገግ አለ። አሰልቺ በሆነ ከሰዓት በኋላ የተቀለደች ቀልድ መሰለችው። ጋሼ ሦስት እርምጃ ርቀው መሳቢያ ሲጎትቱ ይሰማዋል፤ ቀና ብሎ «ይህች ምንድን ናት?» ቢላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። አላላቸውም። ጥቅሉን ከነማስተካከያው ቆርጦ ጣለ። በምትኩ ስምን ከስም ጋር ፊደል በፊደል የሚያስተያይ ሃያ መስመር ጻፈ።

ከዚያ ፈተነው። አርባ የእናቶች ስም ፈጥሮ መዘገበ፣ አርባዎቹንም ፈለገ፣ አርባዎቹም ወጡ። ልቡ ሞቀ። ስድስት የሆነውን ፋይል በመጭመቂያ አሸገው፤ የቢሮው ጸረ ቫይረስ ይሄ ታሽጎ የሚሄድ ነገር ሌባ መሆን አለበት ብሎ አንድ ጊዜ ዋጠበት፣ በሌላ ዓይነት አሸገው። ሁለት ነጥብ አራት።

በስድስት ደቂቃ ወረደላት።

«ወረደ! ኧረ ወረደ፣ ማሙሽ! አንበሳዬ!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላዋ የሰው ሳቅ ተሰማ። «ተከፈተ ደግሞ! የኔ ልባም!»

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ጨበጡት። እሱም ቀኑን ሙሉ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። ከዚያ አራት ቀን ስልኩ ዝም ጭጭ አለ። የሚደውልላት ጉዳይ አልነበረውም፤ የምትደውልለትም ጉዳይ አልነበራትም። በአራተኛው ቀን ስልኩን አንሥቶ ቁጥሯን አየና፣ «ምን ልላት?» ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«ማሙሽ፣ ፕሮግራምህ ሴትዮዋን የለችም አለኝ።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳት ያዛት። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። መርፌ መጀመር አለብኝ። ግን ከስድስት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያ ልጇን ጎረቤት ጤና ጣቢያ ስትወልድ አንድ መርፌ ወግተዋት ሞታ ነው የተነሣችው። ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆርጦ። የመርፌውን ስም ጠየቅኳት። ‹ነጭ ነው› አለችኝ። ሁሉም ነጭ ነው፣ ማሙሽ!»

«እሺ፣ ሌላ መድኃኒት...»

«ለዚህ የሚሆን ሁለት ዓይነት አለኝ። አንዱ ያድናታል፣ አንዱ ይገድላታል። የቱ የቱ እንደሆነ የተጻፈው ካርዷ ላይ ነው። ካርዷ መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት፤ የዚያን ጤና ጣቢያ መዝገብ ዲስኩ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወደዚያ ደወልኩ፤ ስልካቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዝግ ነው። ሆስፒታል እንዳልልካት ወንዙን ታውቀዋለህ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ አቆያታለሁ። ከዚያ በኋላ አንዱን መርጬ መውጋቴ ነው።»

«ስሟን ንገሪኝ፣ እዚህ ልሞክረው።»

«ታንከሩ ሥር ነው ያለሁት፤ ግማሽ መንደር ተሰብስቧል። የታካሚ ስም በአደባባይ አልጠራም። ደግሞስ አንተ ጋ መዝገቡ የለም።»

እውነቷን ነው። የታካሚ መዝገብ ከጤና ጣቢያ ወደ ቢሮ አይመጣም። የራሱን አርባ ስሞች ከፍቶ አንድ በአንድ ፈለጋቸው፤ አርባውም ወጡ። «እዚህ ይሠራል፣ እትዬ። ምናልባት እዚያ ሲመዘግቡ...»

«በየትኛው ሰ ነው የጻፍሽው በላት» አሉ ጋሼ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተዋል።

«የትኛው ሰ ማለት?»

ጋሼ ለቅጽበት አተኩረው አዩት። «ዝም ብለህ ጠይቃት፣ ልጄ።»

ጠየቃት።

«በንጉሡ ነዋ!» አለች እህቱ። «እማዬ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ሐውም ሐመሩ ነው።»

ንጉሡ ምን እንደሆነ፣ ሐመሩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጋሼ የጋዜጣቸው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለት። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሌላ። አንዱ ጸሐፊ በዚህ ይጽፋል፣ አንዱ በዚያ፤ አንዱ ደግሞ እንደ ቀኑ ስሜት። አገር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እሱ ግን በአሥራ አንድ ዓመቱ ሃያ ስድስት ፊደል ብቻ ወዳለበት ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ነው፤ በልጅነቱ የቆጠረውን ረስቶታል። አማርኛ ሲጽፍ አንድ ሰ፣ አንድ ሀ ብቻ ይጠቀማል፤ ቁልፉን አንዴ ሲጫን የሚመጣለትን። አርባዎቹንም ስሞች የጻፈው በዚያው ነው። የፈለጋቸውም በዚያው። ለምን አይወጡ?

«እሳቱን ሞክሪ፣ እትዬ!»

ስልኩን አግዳሚው ላይ ጥላ ሮጠች። ነፋስ ተሰማው፣ የሆነ ሰው ሳል፣ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሄዶ ሲመለስ።

«የለም።»

«ሃሌታውን ሀ ከእሳቱ ሰ ጋር» አሉ ጋሼ በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው።

ሄደች፤ መጣች። «የለም።»

«ያ ጎረቤት ጤና ጣቢያ የነበረው ጸሐፊ ብዙኃኑን ይወድ ነበር። ብዙኃኑን በላት!»

«የለም፣ ጋሼ» አለች፤ አሁን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «በሦስቱ ስም ውስጥ ሰባት እንዲህ ዓይነት ፊደል አለ፤ ሁለቱ ሀ ናቸው። የእሷ፣ የአባቷ፣ የአያቷ። ስንት ጊዜ ነው የምመላለሰው?»

ማሙሽ በልቡ አባዛው። ሁለቱ ሀዎች ሦስት ሦስት ዓይነት መልክ አላቸው፣ የቀሩት አምስቱ ሁለት ሁለት። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት። ቁጥሩን አልነገራትም።

«የማይገባኝ» አሉ ጋሼ ቀና ብለው፣ «ለዚሁ ብለን አይደል ያን ነገር ያስገባነው?»

«የቱን ነገር?»

«ካንተ በፊት የነበረው ልጅ ነዋ። ሦስት ቀን እዚህ አጠገቤ ወንበር ስቦ፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ሁሉንም አስጻፍኩት። መሳቢያዎቹን እንዴት እንደምፈልግ እኮ ነው ያሳየሁት። ‹በስምዎ ነው የማስቀምጠው፣ ጋሼ› ብሎኝ ነበር።»

ያቺ ፋይል። ጥቅሉ ራሱ ነበር ሥራ ሲጀምር በስሟ ፈልጎ የሚያነባት፤ ለዚህ ነው መሣሪያው የሚጠራት አላገኘም ያለው።

«ጋሼ» አለ። «አጠፋሁት።»

«ምኑን?»

«እርስዎን።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጠርዝ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ስንት ኪሎ ነበርኩ?»

«ኪሎ? እፍኝም አይሞሉም ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው ሳልጠይቅዎት...»

«እሱን ማታ ትጸጸትበታለህ» አሉ። «አሁን ማስመለስ ይቻላል?»

ጥቅሉን ከመለሰ ሃያ ሰባት ሜጋባይት ይመለሳል፤ አግዳሚው ላይ ያለችው እህቱ ደግሞ ሌላ ሰባት ቀን ክንዷን ትሰቅላለች። ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ግን ራስ መነቅነቁን አቆመ። ዓለም ሁሉ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ጋሼን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ስሚኝ። አንድ ሰዓት ስጪኝ። አዲስ ፋይል እልክልሻለሁ።»

«በስንት?»

«በዚያው። ሁለት ነጥብ አራት።»

«ታላቅህን እንዳታታልል» አለችና ዘጋች።

ጋሼ ወንበራቸውን ሳቡ። «እንግዲህ ጻፍ። ሐመሩ ሐ ወደ ሃሌታው። ሐ፣ ሑ፣ ሒ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ፤ ሁሉም በየወንድሙ ሥር። ብዙኃኑም እንደዚሁ።»

«ሐ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው... እሺ።»

«ንጉሡ ወደ እሳቱ። ዓይኑ ወደ አልፋው። ፀሐዩ ወደ ጸሎቱ። ቆይ ቆይ! ሀ እና ሃ አንድ ናቸው፤ አንደኛና አራተኛ ብለህ እንዳትለያቸው። አ እና ኣም እንደዚያው።»

«እነሱም?»

«እነሱ ናቸው የሚያሳብዱት! ግማሹ የጠፋ ካርድ በእነሱ ነው የጠፋው።»

ጻፈ። ጋሼ በጣታቸው እያንዳንዱን ጥንድ በስክሪኑ ላይ እየነኩ አረሙት፤ ሁለት ቦታ ተሳስቶ ስለነበር ሁለት ጊዜ ጣታቸው ቆመ። ሲያልቅ ሠላሳ ሰባት ጥንድ ሆነ። ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ባይት። አንድ አጭር የስልክ መልእክት አያህልም። ሥራውን ሁሉ በማነስ ሲለካ የከረመው ሰው ይህችን ቁጥር ሲያይ ምን እንደሚላት ጠፋው።

ወደ ማሽን ቋንቋ አስቀየረው፣ አሸገው። ሁለት ነጥብ አራት። አሁን ግን አልላከውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይፈትኑት» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ጋሼ በአንድ ጣት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያደኑ፣ አሥር ስም መዘገቡ። ሆን ብለው አንዱን ስም በሁለት ዓይነት ሰ ጻፉት። ከዚያ በሌላ መልካቸው ፈለጓቸው። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሰባተኛው ሲወጣ «ኧረ ተው» አሉ ለስክሪኑ፣ ትንሽ እያፈሩ። አሥሩም ወጡ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፋይሉ መንገድ ጀመረ።

እህቱ ስታወርድ ስልኳ ሌላ ነገር አይችልም፤ ስለዚህ ድምፅ የለም። ያለው በእሱ ስክሪን ላይ የምትታይ ቁጥር ብቻ ናት፤ ምን ያህሉን እንደወሰደች የምትናገር። ዘጠኝ። አሥራ አራት። ሃያ ሁለት። ማሙሽና ጋሼ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ቁጥር ላይ አፈጠጡ። ቁጥሯ ስትንቀሳቀስ ክንዷ ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ ስትቆም ክንዷ ሲዝል። አርባ ሰባት ላይ ቆመች። ሳያስበው የራሱ ቀኝ ክንድ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ጋሼ አይተው እንዳላየ ሆኑ። ሃምሳ። ስልሳ ስምንት። ሰማንያ። ከዚያ እየሮጠች አለቀች።

አሁንም ጸጥታ። ፋይሉን ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ታዛውራለች፤ ትከፍታለች፤ ስሙን ትጽፋለች። እያንዳንዱን እርምጃ በልቡ ቆጠረ፣ ጨረሰ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ።

ስልኩ ጮኸ።

«ወጣች።»

«ምን አልሽ?»

«ወጣች እኮ ነው የምልህ! ያ ጸሐፊያቸው የአባቷን ስም በንጉሡ፣ የእሷን በእሳቱ፣ የአያቷን በማን እንደጻፈው እንጃ! መርፌውም ተጽፏል። በቀይ።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ጠፋ፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት «እትዬ! እትዬ!» አለ። አልተቆረጠም። «ልወጋ የነበረው» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱን ነበር። መምረጥ ግድ ከሆነ ብዬ... ለይቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ነበር።»

«ሂጂ ሌላውን ውጊያት» አላት።

«ሄድኩ።»

ጋሼ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ «ሰው ምሳ አይበላም እዚህ ቢሮ?» አሉ፣ የተቆጡ ለመምሰል እየሞከሩ። ወጥተው በሉ። የበላውን ቢጠይቁት ግን መናገር አይችልም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ደወለች። የአሁኑ ድምፅዋ የደከመና የለሰለሰ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ገባች። ሾርባ ጠጣች። ልጇንም አጠባች፤ ‹ይሄ የኔን መርፌ ስም አውቆ የነገረሽ ማን ነው?› ስትለኝ፣ ‹ወንድሜ› አልኳት።»

«ጋሼ ናቸው ማለት ነበረብሽ።»

«እሳቸውንም ነግሬያታለሁ። ይሳሙልኝ በልልኝ።» ልትዘጋ ነው ብሎ ፈራ። አልዘጋችም። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅ። ሴትዮዋ ስትተኛ ፕሮግራምህን ልፈትነው ብዬ ስምህን ጻፍኩበት።»

«የኔን ስም? ለምን?»

«እዚህ አይደል እንዴ የተወለድከው? የድሮው የልደት መዝገብ ሁሉ ገብቷል እኮ። በእሳቱ ሰ ጻፍኩህ፤ በመልእክትህ ሁሉ እንደዚያ አይደል ራስህን የምትጽፈው። ወጣህ። ወንድ፣ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ። ‹ልቅሶው ጠንካራ› ይላል። ያኔም ጩኸታም ነበርክ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«ማሙሽ፣ መዝገቡ ላይ ግን በእሳቱ አይደለህም። እማዬ ራሷ ነች ያስመዘገበችህ። በንጉሡ ነው የጻፈችህ።»

ሠላሳ አራት ዓመት። ስንት ፎርም ሞልቷል፣ ስንት ፓስፖርት ላይ ፈርሟል፣ ስንት ቦታ ስሙን በሌላ አገር ፊደል ሰባብሮ ጽፏል። በራሱ ፊደል በጻፈባት ጥቂት ጊዜም አንዴ ሲጫኑት በሚመጣው ነበር። እናቱ አንድ ቀን ጎንበስ ብላ፣ አዲስ ልጅ በእቅፏ ይዛ፣ ለጸሐፊው «አይ፣ በንጉሡ ነው» ስትል ታየችው። አልቅሶለት የማያውቀው ነገር አሁን እንባ ሆኖ ዓይኑ ላይ መጣ።

ከጋሼ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጎ፣ ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ መጻፍ ጀመረ። ፊደሉ አልታዘዝ አለው፤ ሦስቱ ጣቶች አንዱ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ። ጋሼ ከጠረጴዛቸው አንገታቸውን አሰገጉ።

«እግሩስ? ከሥሩ እግር አለው እኮ።»

እግር ጨመረለት።

«አለህ?» አለች እህቱ።

«አለሁ፣ እትዬ። አትዝጊው፤ እየጻፍኩ ነው።»